ጉትቻዬን ሰው ይወደዋል፤ ብሩ ግን የለም

ጥያቄ፦ «ጤና ይስጥልኝ። 24 ዓመቴ ነው። አየር ጤና አካባቢ ከእናቴ ጋር እኖራለሁ። ሥራ ለቅቄ፣ ባጠራቀምኩት 40,000 ብር ሐምሌ ላይ በእጅ የሚሠራ ጌጣጌጥ ጀመርኩ። ከቆዳና ከጥበብ ቁራጭ ጉትቻ እሠራለሁ። አምባር፣ የአንገት ጌጥ፣ የፀጉር ማስያዣና የቁልፍ መያዣም እሞክራለሁ። በአራት ወር ውስጥ 84 ጥንድ ጉትቻ በ250 ብር ሸጫለሁ። ሌላው ገና አልተሸጠም። ያየው ሁሉ ያደንቃል። እጄ ላይ ያለው ግን 26,000 ብር ብቻ ነው፤ ቀሪው የት እንደገባ አላውቅም። ዋጋ ብጨምር ደንበኛ ይሸሸኛል? ሱቅ ልከራይ? አሜሪካና አውሮፓ ያሉ ዘመዶቼ ‹ላኪልን› ይሉኛል፤ ልላክ? እናቴ ደግሞ ‹ሥራ ፈልጊ› ትለኛለች። ምን ትመክሪኛለሽ?»

መልስ፦

እህቴ፣ ጤና ይስጥልኝ። ደብዳቤሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። እኔም ከቆዳና ከናስ ጌጥ መሥራት ከጀመርኩ 14 ዓመት ሆኖኛል፤ መጀመሪያው ላይ ልክ አንቺ ያለሽበት ቦታ ነበርኩ። ስለዚህ በዝርዝር ልመልስልሽ።

በመጀመሪያ የጠፋውን ብር አብረን እንፈልገው። በ40,000 ጀመርሽ። 84 ጥንድ በ250 ሸጠሽ 21,000 ገባልሽ። ድምሩ 61,000 ነው። አሁን ያለሽ 26,000 ነው። ስለዚህ በአራት ወር 35,000 ብር አውጥተሻል።

አሁን አንድ ጥንድ ጉትቻ ምን እንደሚፈጅ እንጻፍ። ቁጥሮቹ የእኔ ግምት ናቸው፤ አንቺ በገዛሽበት ዋጋ አስተካክያቸው። የቆዳ ቁራጭ 22 ብር። የጥበብ ቁራጭ 15። የጆሮ መንጠቆ 20። ትንንሽ ማያያዣ ቀለበቶች 8። ማስቲሽና ክር 7። ካርድና ከረጢት 28። ይህ 100 ብር ይመጣል። የተበላሸውን፣ የጠፋውን፣ ጠማማ የተቆረጠውን አሥር በመቶ ጨምሪበት። 110 ሆነ። ታክሲ፣ የኢንተርኔት ካርድ፣ መብራት፣ የባዛር ጠረጴዛ በጥንድ ሲካፈል 25 ብር እንበለው።

እንግዲህ ለ84 ጥንድ 135 ብር ብታወጪ 11,340 ብር ነው። ከ35,000 ላይ ስትቀንሺው 23,660 ብር ይቀራል። የጠፋብሽ ብር እሱ ነው። ከፊሉ ለራስሽ የወጣ ይሆናል፤ የስልክ፣ የታክሲ፣ የምሳ። ትልቁ ክፍል ግን መሳቢያሽ ውስጥ ነው። ዶቃ፣ ጨሌ፣ ዛጎል፣ የአምባር መቆለፊያ፣ የፀጉር ማስያዣ ላስቲክ፣ ገና ያልተሸጠ የአንገት ጌጥ። ዛሬ ማታ መሳቢያውን ባዶ አድርገሽ ወለል ላይ ዘርግተሽ ቁጠሪው። እያንዳንዱን በገዛሽበት ዋጋ ጻፊው። ብሩ ቁጭ ብሎ ታገኝዋለሽ።

ይህን የምልሽ ልወቅስሽ አይደለም። ዕቃ መግዛት ደስ ይላል። መርካቶ ገብቶ አዲስ ዶቃ አይቶ ማለፍ ለእኛ ዓይነት ሰው ከባድ ነው። እኔ ከሁለተኛው ዓመት ጀምሮ ለራሴ አንድ ሕግ አወጣሁ፤ ምን እንደምሠራበት፣ ስንት እንደምሠራና በስንት እንደምሸጠው ደብተሬ ላይ ሳልጽፍ ምንም ዕቃ አልገዛም። እስካሁን በዚያው ሕግ ነው የምኖረው።

የረሳሽው ወጪ ግን ሌላ አለ። ጥያቄሽ ውስጥ አንድም ቦታ ስለ ሰዓትሽ አላነሳሽም።

አንድ ጥንድ ለመጨረስ ስንት ደቂቃ ይፈጅብሻል? ከቆረጣ እስከ ካርዱ ላይ መስቀል 70 ደቂቃ ነው ብዬ ልገምት። ፎቶ ማንሳት፣ «ዋጋው ስንት ነው?» ለሚል መልስ መስጠት፣ ለሞተር ዴሊቨሪ ማስረከብ ሌላ 20 ደቂቃ። 90 ደቂቃ ሆነ። ለእጅሽ በሰዓት 80 ብር እንክፈላት። በቀን 8 ሰዓት፣ በወር 24 ቀን ብትሠሪ 15,360 ብር ይሆናል። የተጋነነ ደመወዝ አይደለም። በዚህ ሒሳብ የአንድ ጥንድ ድካም 120 ብር ነው።

አሁን ደምሪው። ዕቃ 110፣ ድካም 120፣ ሌላ ወጪ 25። 255 ብር። አንቺ የምትሸጪው በ250 ነው። ጉትቻሽን ለገዛች ሴት ሁሉ 5 ብር መርቀሽ ትሰጫለሽ ማለት ነው፤ ትርፍ የሚባለው ገና ሳይነሳ። እስካሁን 126 ሰዓት ሠርተሻል፤ 10,080 ብር የሚያወጣ ድካም ነው። «ሰው ሁሉ ያደንቃል» ያልሽኝም በከፊል ከዚህ ይመጣል። ርካሽ ስለሆነ ነው።

ስለዚህ «ዋጋ ልጨምር?» ለሚለው መልሴ አዎ ነው። ግን ዋጋውን ከመንካትሽ በፊት ሰዓቱን ነው የምንነካው።

አንድ ጥንድ ጀምረሽ፣ ጨርሰሽ፣ ሌላ አትጀምሪ። ሰኞ ቆረጣ ብቻ፤ 40 ጥንድ። ማክሰኞ ማጣበቅና መስፋት። ረቡዕ ጠርዝ ማለስለስና መብሳት። ሐሙስ መንጠቆ ማስገባትና ካርድ ላይ መስቀል። ዓርብ ፎቶ፣ መልእክት፣ ማድረስ። እጅ አንድ ሥራ ሲደጋግም ይፈጥናል፤ ዕቃ ማንሳትና ማስቀመጥም ይቀራል። ለቅርጹ ካርቶን ላይ በእርሳስ አትሥሪ። ብረት ቤት ሄደሽ የብረት መቁረጫ ቅርጽ አሠሪ። ቆዳው ላይ አስቀምጠሽ በመዶሻ አንዴ ስትመቺው ይቆርጣል። ሁሉም እኩል ይወጣል፤ ግራና ቀኙ አይለያይም። በዚህ አሠራር እኔ ጋ የሚለማመዱ ልጆች ከ90 ደቂቃ ወደ 50 ወርደዋል።

50 ደቂቃ 67 ብር ነው። ዕቃ 110፣ ድካም 67፣ ሌላ 25፤ ድምሩ 202። ሃያ በመቶ የድርጅቱ ትርፍ ስትጨምሪበት 242 ብር ይሆናል። ይህ የዋጋ ወለልሽ ነው። ከዚህ በታች ለአክስትሽም አትሽጪ።

መሸጫው ግን 350 ይሁን። ለምን 350? ነገ አንድ የሐበሻ ልብስ ሱቅ ወይም ካፌ «ዕቃሽን አምጪ፣ በኮሚሽን እንሽጥልሽ» ይልሻል። 30 በመቶ ቢወስድ 105 ብር ነው። ለአንቺ 245 ይቀራል። ወለልሽ ሳይነካ ወጣሽ። በ250 ግን ሱቁ 75 ብር ወስዶ 175 ብር በእጅሽ ያስቀምጣል፤ ወጪሽን እንኳ አይሸፍንም። ሰው በርከት ብሎ ሊሸጥልሽ ሲመጣ ነው የምትከስሪው። ደግሞ ራስሽም ስትሸጪ፣ ሱቁም ሲሸጥ ዋጋው አንድ ይሁን። ሱቁ በ350 እየሸጠ አንቺ በቴሌግራም በ280 ብትሸጪ ባለሱቁ በሁለተኛው ወር ዕቃሽን ሰብስቦ ይመልስልሻል።

ደንበኛ ይሸሻል ወይ? የተወሰነው ይሸሻል። ዝም ብለሽ በአንድ ሌሊት 100 ብር አትጨምሪ። ነባር ደንበኞችሽን ከሁለት ሳምንት በፊት ንገሪያቸው። አዲሱን ዋጋ በአዲስ ሞዴል፣ በተሻለ መንጠቆና በተሻለ ካርድ አምጪው። «ቀንሺልኝ» ለምትል ደግሞ ቀለል ያለ፣ ጥበብ የሌለው፣ 25 ደቂቃ የሚፈጅ ትንሽ ጉትቻ አዘጋጅተሽ በ180 አሳያት። ያኛውን ዋጋ አትንኪ። የባዛር ክርክር አብዛኛው እዚያ ላይ ያበቃል።

አንድ ነገር ልጨምር። ብር በገበያ ዋጋ እንዲመነዘር ከተደረገ ወዲህ፣ ማለትም ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. በኋላ፣ ከውጭ የሚገባ ዕቃ ዋጋ እንዴት እንደዘለለ አይተሻል። በዚያ ሰሞን አንድ ዶላር ከ57 ብር አካባቢ ተነስቶ በሳምንታት ውስጥ ከ100 አልፏል። መንጠቆው፣ ቀለበቱ፣ ዶቃው ሁሉ ከውጭ ነው የሚመጣው። ስለዚህ ሒሳብ ስትሠሪ አምና የገዛሽበትን ዋጋ አትያዢ። «ዛሬ ሄጄ ብገዛው ስንት ነው?» ብለሽ ያዢ። በአሮጌ ዋጋ ሸጠሽ በአዲስ ዋጋ መግዛት ካፒታልን ሳይታወቅ ይበላል።

ስለ መንጠቆው ለብቻው ልንገርሽ። እዚህ ላይ የደረሰብኝን እስካሁን አልረሳውም። በጀመርኩ በሁለተኛው ዓመት 200 ጥንድ መንጠቆ ከአንድ ነጋዴ ርካሽ ሆኖ አግኝቼ ገዛሁ። ያብረቀርቃል፤ የወርቅ ቅብ ነው ተባልኩ። ለበዓል ሸጥኩት። በሦስተኛው ቀን አንዲት ደንበኛዬ ደወለች። ጆሮዋ አብጦ ውኃ ቋጥሯል። በሳምንት ውስጥ አምስት ሰው ደወለልኝ። የቻልኩትን ሁሉ ብራቸውን መለስኩ፤ ሁለቱ ግን ዳግም አልገዙኝም። እኔም አልፈረድኩባቸው።

ጥፋቱ የኒኬል ነው። ርካሽ የጌጥ ብረት ውስጥ ኒኬል በብዛት ይገባል፤ የብዙ ሰው ቆዳ አይቀበለውም። አንዴ የተቆጣ ቆዳ ደግሞ ኒኬል በነካው ቁጥር እድሜውን ሙሉ ይቆጣል። የአውሮፓ ኅብረት ጆሮ ቀዳዳ ውስጥ የሚገባ ጌጥ በሳምንት በአንድ ካሬ ሴንቲ ሜትር ከ0.2 ማይክሮ ግራም በላይ ኒኬል እንዳይለቅ የሚከለክል ሕግ ያለው ለዚህ ነው። አውሮፓ ላለችው ዘመድሽ ብትልኪ ሕጉ አንቺንም ይመለከታል።

ስለዚህ መንጠቆ ላይ ብር አትቆጥቢ። ጥሩ አይዝጌ ብረት ወይም ንጹሕ ብር ተጠቀሚ። ብር ስልሽ 925 የሚባለውን ነው፤ ከመቶው 92.5 እጁ ብር የሆነ። አንጥረኛ ዘንድ ሄደሽ ከአሮጌ ጌጥ ቀልጦ የተሠራ ካመጣሽ ግን ካርዱ ላይ «925» ብለሽ አትጻፊ። ድሮ አንጥረኞቻችን ብዙውን ጌጥ የሚሠሩት ጠገራ ብር አቅልጠው ነበር፤ የማርያ ትሬዛው ጠገራ 83.3 በመቶ ብር ነው። ያምራል፣ ይከበራል፤ ቁጥሩ ግን ሌላ ነው። ናስ ለተንጠልጣዩ ክፍል ጥሩ ነው፣ ለመንጠቆው አይሆንም። ናስ ውስጥ ያለው መዳብ ላብ ሲነካው ቆዳን አረንጓዴ ያደርጋል። አይጎዳም፤ ደንበኛ ግን ይደነግጣል። ካርዱ ላይ «ናስ ነው፤ በሎሚና በጨርቅ ይወለወላል» ብለሽ ጻፊ።

አዲስ መንጠቆ ስትገዢ ሁሌ አሥር ብቻ ግዢ። ሁለቱን ራስሽ ለሁለት ሳምንት አድርጊ። ሁለቱን ጨውና ኮምጣጤ ባለበት ውኃ ውስጥ አሳድሪ። ቅቡ ከተላጠ ወይም ውኃው ቀለም ከቀየረ መልሰሽ አትግዢ። የኒኬል መመርመሪያ ጠብታ የሚባል አለ፤ በጥጥ አድርገሽ ብረቱን ስታሺው ኒኬል ካለ ጥጡ ሮዝ ይሆናል። ከውጭ የሚመጣ ሰው ካለሽ እሱን አስመጪ። ከሽቶና ከቸኮሌት ይልቅ ይጠቅምሻል።

ቆዳውም ፈተና አለው። የአንቺን ጉትቻ የምታደርግ ሴት አብዛኛውን ጊዜ ከሐበሻ ቀሚስ ጋር ነው የምታደርገው። ነጭ ነጠላ ትከሻዋ ላይ ነው። ቀለሙ የሚለቅ ቆዳ ከሆነ በጥምቀት ፀሐይና ላብ ነጠላዋን ያበላሽባታል። የነጠላው ዋጋ የጉትቻሽን ብዙ እጥፍ ነው። ስለዚህ ቁራጭ ቆዳ ከቦርሳ ሠሪዎች ስትገዢ ነጭ ጨርቅ ውኃ ነክረሽ ይዘሽ ሂጂ። እዚያው ሃያ ጊዜ እሺው። ጨርቁ ከቀላ ተይው፣ ምንም ቢረክስ።

የጥበቡ ችግር ደግሞ መደጋገም ነው። ሽሮ ሜዳ ካሉ ልብስ ሰፊዎች የምታገኚው ቁራጭ ያምራል፤ ግን ሲያልቅ አለቀ። ደንበኛ «ያቺን ሰማያዊዋን እፈልጋለሁ» ስትልሽ «የለችም» ትያለሽ። እኔ ያደረግኩት አንድ ሸማኔ ጋ ሄጄ ጠባብ ጥበብ ብቻ በሦስት ቀለም አሠራሁ። ሸማኔ ድሩን አንዴ ከወጠረ በኋላ አምስት ሜትር መሥራት ከአንድ ሜትር ብዙም አይከብደውም። ልፋቱ መወጠሩ ላይ ነው። ለዚህ ነው ለአንድ ሜትር ውድ ዋጋ የሚጠይቅሽ። ክሩን ራስሽ ገዝተሽ ስጪው፤ የቀለሙን ናሙና ደብተርሽ ላይ ለጥፊ። ጥበቡን ከመቁረጥሽ በፊት በጀርባው ተለጣፊ ጨርቅ በካውያ አጣብቂበት፤ አለበለዚያ ጠርዙ ይተረተራል።

ከዚህ ሁሉ የሚከተለውን ታውቂዋለሽ። አምስት ዓይነት ነገር መሥራት አትችዪም። ጉትቻው ተሸጧል። ሌላው አልተሸጠም። ገበያው መልሱን ሰጥቶሻል። ለስድስት ወር ጉትቻ ብቻ ሥሪ፤ ሦስት ሞዴል፣ እያንዳንዱ በሦስት ቀለም። ቤተልሔም ጥላሁን በ2004 እ.ኤ.አ. ሶልሬብልስ የተባለውን የጫማ ድርጅት ዘነበወርቅ ሰፈር ስትጀምር የያዘችው ሁላችንም የምናውቀውን በረባሶ ነው። የመኪና ጎማ ሶል ያለው ጫማ። ያንን አንድ ነገር አሳምራ ነው ዓለም ገበያ ያደረሰችው። የአንቺ በረባሶ የጥበብ ጉትቻው ነው።

ሞዴልሽን ይቀዱብሻል። ይህን ከአሁኑ ልበልሽ፣ በኋላ እንዳትሰበሪ። ቴሌግራም ላይ የወጣ ነገር በአንድ ወር ሌላ ሰው ጠረጴዛ ላይ ይታያል። ቅርጹን ማዳን አትችዪም። የማይቀዳው ግን አለ። ግራና ቀኙ እኩል መሆኑ። ጠርዙ መለስለሱ። ጆሮ አለማሳበጡ። መንጠቆው ቢሰበር «አምጪው፣ በነፃ እቀይርልሻለሁ» ማለትሽ። ጥገናው 20 ብር ዕቃና አምስት ደቂቃ ነው። ለጥገና የምትመጣ ሴት ደግሞ ባዶ እጇን የምትሄደው ጥቂት ጊዜ ነው።

ሱቅ አትከራዪ። በ26,000 ብር ሱቅ መያዝ ማለት የሦስት ወይም የስድስት ወር ቅድሚያ ከፍለሽ ባዶ እጅሽን ባዶ መደርደሪያ መጠበቅ ነው። ሦስት ሱቆች ውስጥ አሥር አሥር ጥንድ በኮሚሽን አስቀምጪ። ወረቀት ተፈራረሙ፤ ስንት ጥንድ፣ በስንት፣ ብሩ በየስንት ቀኑ፣ የጠፋውን ማን እንደሚከፍል። ዘመድ ቢሆንም ተፈራረሙ፤ ዘመድ ከሆነ እንዲያውም ይበልጥ። በየ15 ቀኑ ሄደሽ ቁጠሪ። አቧራ ይዞ ያገኘሽበትን ሱቅ ተዪው።

የሥራ ብሩን ከራስሽ ብር ለዪ። ለሽያጭ ብቻ የሚሆን ሌላ ስልክ ቁጥርና ሌላ ቴሌብር ክፈቺ። በትእዛዝ የምትሠሪውን ሁሉ ግማሽ ቀብድ ሳትቀበዪ አትጀምሪ። የሰርግ ትእዛዝ ላይ ይህ ግዴታ ነው። ለሚዜዎች 12 ጥንድ ሠርተሽ ሰርጉ ቢተላለፍ በዚያ ቀለም ሌላ ገዢ አታገኚም።

ስለ ሰርግ ካነሳሁ፣ የእኛ ሥራ ዓመቱን ሙሉ እኩል አይሸጥም። አሁን ጥቅምት ነው፤ ጥሩ ጊዜ ላይ ነው የጠየቅሽኝ። ገና ታኅሣሥ 29፣ ጥምቀት ጥር 11። ከጥምቀት እስከ ዐቢይ ጾም መግቢያ የሰርግ ወቅት ነው። ከዚያ 55 ቀን ጾም፤ ኦርቶዶክሱ ሰርግ የለውም፣ ገበያው ይቀዘቅዛል። ከፋሲካ በኋላ ሚያዝያና ግንቦት ሰርግ እንደገና ይጀምራል። ሰኔና ሐምሌ ምረቃ ነው። ነሐሴ አጋማሽ ላይ አሸንዳ፣ ሻደይ፣ አሸንድዬ። ከዚያ እንቁጣጣሽ፣ መስቀል፣ ኢሬቻ። ሁለቱ ዒዶች በየዓመቱ ቀናቸው ቀደም እያለ ስለሚመጣ ለብቻ አስይዢያቸው። ለገና የሚሆነውን ኅዳር ላይ ጨርሺ። በጾሙ ጊዜ ደግሞ አትደንግጪ፤ ለፋሲካ ማዘጋጃሽ ነው። ብዙ ጀማሪ በዚያ 55 ቀን ውስጥ ተስፋ ቆርጦ ሲተው አይቻለሁ።

ወደ ውጭ መላኩን ለአሁኑ አቆዪው። ኢትዮጵያ ከአጎዋ፣ ማለትም የአፍሪካ አገሮች ዕቃ አሜሪካ ያለ ቀረጥ እንዲገባ ከሚፈቅደው ሕግ፣ የወጣችው ጃንዋሪ 1 ቀን 2022 እ.ኤ.አ. ነው፤ ስለዚህ ዕቃሽ አሜሪካ ያለ ቀረጥ አይገባም። ድሮ 800 ዶላር የማይሞላ ጥቅል ያለ ቀረጥ ይገባ ነበር። ያም ከኦገስት 29 ቀን 2025 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ቀርቷል። የ350 ብር ጉትቻ በፖስታ ልከሽ የማጓጓዣው ዋጋ ከጉትቻው ሲበልጥ፣ ቀረጡ ደግሞ ተቀባይዋ በር ላይ ሲጠብቃት አስቢው። ዘመዶችሽ ግን ይመጣሉ። አሜሪካ ያለችው ዘመድሽ ለገና ወይም በክረምቱ ስትመጣ እዚሁ ትግዛ። ስትመለስ ለጓደኞቿ ስጦታ የሚሆን 15 ጥንድ በሚያምር ሣጥን አዘጋጅተሽ ጠብቂያት። የአንቺ ኤክስፖርት ለጊዜው እሱ ነው።

ስለ ወረቀቱ በአጭሩ። ወረዳሽ ሄደሽ የግብር ከፋይ መለያ ቁጥርና ንግድ ፈቃድ አውጪ። ጥሩ ሱቆችና ሆቴሎች ደረሰኝ ካልሰጠሻቸው አይገዙም። ሥራና ክህሎት ጽሕፈት ቤትም ስለ ማምረቻ ሼድ ጠይቂ፤ ተራ ይኖረዋል፣ መመዝገቡ ግን አይጎዳም። አንድ የሚምታታ ነገር አለ። ንግድ ቢሮ የምታስመዘግቢው የንግድ ስም ነው። ካርድሽ ላይ ያለው አርማና ስያሜ የንግድ ምልክት ነው፤ እሱን የሚመዘግበው የአእምሯዊ ንብረት ባለሥልጣን ነው። ምዝገባው ለ7 ዓመት ይጸናል፣ ከዚያ ይታደሳል። ስሙ መታወቅ ሲጀምር አድርጊው፤ ዛሬ አያስቸኩልሽም።

የቀረው የእናትሽ ጉዳይ ነው። እዚህ ላይ እውነቱን ልንገርሽ።

በ350 ራስሽ ስትሸጪ ከአንድ ጥንድ ድካምሽና ትርፍሽ ተደምሮ 215 ብር እጅሽ ይገባል። በሱቅ በኩል ሲሸጥ 110 ብር። በወር 15,000 ብር ለማግኘት ራስሽ ከሸጥሽ 70 ጥንድ፣ በሱቅ ብቻ ከሆነ ወደ 137 ጥንድ መሸጥ አለብሽ። አሁን በወር የምትሸጪው 21 ጥንድ ነው። መንገዱ ይቻላል፣ ግን በአንድ በዓል አይሞላም። እናትሽ ልክ ናቸው ማለት ይከብደኛል፤ ተሳስተዋልም አልልሽም።

ስለዚህ ግማሽ ቀን የሚሆን ሥራ ፈልጊ። የቤት ኪራይ የለብሽም፤ ትልቅ ዕድል ነው። ከ26,000 ብሩ 8,000 ለመንጠቆና ለጥበብ፣ 3,000 ለመቁረጫ ቅርጽ መድቢ። የቀረውን አትንኪው። መሳቢያው ውስጥ ያለውን ዶቃ ለሚፈልግ በገዛሽበት ዋጋ ሽጪው። ደብተር አውጥተሽ በየሳምንቱ ሦስት ቁጥር ጻፊ፤ ስንት ጥንድ ሠራሽ፣ ስንት ደቂቃ ፈጀ፣ ስንት ተሸጠ። እስከ የካቲት መጨረሻ እንዲሁ ቀጥዪ። በጥር ወር ሽያጭሽ 60 ጥንድ ካለፈ የግማሽ ቀኑን ሥራ ለመልቀቅ ማሰብ ትጀምሪያለሽ። ከ40 በታች ከሆነ ሥራውን ያዢ፤ ጉትቻውን ማታና ቅዳሜ ሥሪ። እኔ የመጀመሪያዎቹን ሦስት ዓመታት እንደዚያ ነው ያሳለፍኩት። ቀን ቢሮ፣ ማታ መዶሻ።

ለእናትሽ ይህን ደብተር አሳዪያቸው። ቁጥሩን ሲያዩ ከአንቺ ጋር ይቆጥራሉ። ካርድና ከረጢት ማዘጋጀቱን ካገዙሽ ደግሞ ሰዓታቸውን ጽፈሽ ክፈያቸው።